ነፃው ምክር ማን ከፍሎበት ነው?

ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ተመሳሳይ ጥያቄ ከሦስት ሰው በኢንቦክስ ደረሰኝ። ሁለቱ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፤ አንዷ ፋብሪካ ውስጥ፣ አንዱ ሆቴል ውስጥ ይሠራሉ። ሦስተኛው የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው። የሦስቱም ጥያቄ ሲጨመቅ፣ "መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛው ጥቅም ብሎ ነፃ የፋይናንስ ምክር አዘጋጅቶልናል። የመጣው ሰው ጥሩ ይናገራል፣ ቅን ይመስላል። ልመነው ወይ?" የሚል ነው። እኛም ትምህርት ቤት ይኸው ነገር ከመጣ ወራት ስላለፉት፣ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው አልኩ።

ከመጀመሬ በፊት ግን ሁለት ነገር እወቁልኝ። እኔ የፋይናንስ ባለሙያ አይደለሁም፤ ዲፕሎማ ያለኝ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የማውቀው ቁጥር መደመርና መቀነስ ነው። ሌላው፣ የትምህርት ቤታችን ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ። አበል የለውም። ቢሆንም ሰው ከማኅበሩ ወጥቶ ገንዘቡን ባንክ ሲወስድ ደስ አይለኝም። ስለ ባንኩ የምለውን ስታነቡ ይሄን አስቡበት። እንደዚህ ብሎ የሚጀምር አሠልጣኝ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ለዚያ ነው ቀድሜ የተናገርኩት።

የእኛ ጉዳይ እንዲህ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ "ለመምህራንና ለአስተዳደር ሠራተኞች በሙሉ፦ እንደ ተጨማሪ ጥቅማ ጥቅም ነፃ የፋይናንስ ምክር አገልግሎት ተዘጋጅቷል" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከክፍለ ጊዜ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ሻይና ቦንቦሊኖም ነበር። የመጣው አማካሪ ደሞዛችን የሚገባበት ባንክ ሠራተኛ ነው። ባንኩንም ልጁንም በስም አልጠራም፤ ምክንያቱም ልጁ የራሴ ተማሪ የነበረ ነው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬዋለሁ። ሲኮርጅ ይዤው የማላውቅ፣ ያልገባውን "አልገባኝም" የሚል ልጅ ነበር። እንደዚህ ብዬ ስለ እሱ ስጽፍም አስፈቅጄው ነው።

ስልጠናው መጥፎ አልነበረም፤ ይሄን መካድ አይገባም። ወጪን በደብተር መያዝ፣ ለክፉ ቀን የሦስት ወር ወጪ ማስቀመጥ፣ ለድግስ አለመበደር፣ ለልጆች ገንዘብን ማስተማር። ሁሉም ትክክል ነው። አንዳንዱን እኔም ለተማሪ የምናገረው ነው። ከዚያ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች አንድ የቁጠባ ዓይነት አስተዋወቀ። በየወሩ ከደሞዝ እየተቆረጠ ለአምስት ዓመት ይቀመጣል፤ ወለዱ ከተራው ቁጠባ ይበልጣል፤ አምስት ዓመቱ ሲሞላ የቤት መግዣ ብድር ለመጠየቅ ብቁ ያደርጋል። የመገኘት ፊርማችንና የሂሳብ መክፈቻ ቅጹ አብረው ዞሩ። ሻዩ ሳያልቅ ግማሹ ሰው ፈረመ።

ብዙ ሰው ምክር ሲሰማ ሰውየውን ነው የሚመዝነው። ይዋሻል ወይስ አይዋሽም? ይሄ ልጅ አይዋሽም፤ እኔ እመሰክርለታለሁ። ያን ቀን ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድም ዓረፍተ ነገር አልሰማሁም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ እውነት ሆነው ሳለ እሱ ከዚያ መድረክ ላይ ሊናገራቸው የማይችል ነገሮች አሉ። "ለእናንተ የሚሻላችሁ መጀመሪያ የሱቁን ዱቤ መክፈል ነው" ሊል አይችልም። "አሁን ያላችሁበት ማኅበር ይሻላችኋል፣ ባላችሁበት ቆዩ" ሊል አይችልም። "ዘንድሮ ምንም አትፈርሙ" ጭራሽ አይልም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ ገንዘብ አያያዝ ሲያወራ፣ ባንክ የማያስፈልገው መፍትሔ አንድም አልመጣም። ስለ ዕቁብ ሲነሳ "ዕቁብ ወለድ አይከፍልም" አለ። እውነት ነው። ግን ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው የሚቆጠረው፤ ያኛው ግማሽ እውነት አልተነገረም። የምክርን ገለልተኛነት የምለካው በዚህ ነው። ከሁሉም በፊት መካሪው ከራሱ ኪስ ጋር የሚጋጭ ነገር መናገር ይችላል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የማይችል ከሆነ የሰማሁት ምክር ቢሆንም ያልተሟላ ምክር ነው፤ የጎደለውን እኔ መሙላት አለብኝ።

ሰኞ ዕለት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ነጭ ሰሌዳው ላይ የጎደለውን ሞላነው። ቁጥሮቹን ላስቀምጥላችሁ፤ የእናንተን ቁጥር ተክታችሁ ሥሩት።

በወር 2,000 ብር ለአምስት ዓመት ቢቀመጥ የተቀመጠው በድምሩ 120,000 ብር ነው። ወለዱን 9 በመቶ እንበል፣ በየወሩ እየታሰበ፤ መጨረሻ ላይ 150,800 ብር ገደማ ይሆናል። የወለድ ግብሩን ትቼዋለሁ። ስላይዱ ላይ የነበረው ይሄ ነው፤ ያማረ ቁጥር። አሁን የዕቃ ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ይጨምራል ብለን እንገምት። በዚህ ሒሳብ ከአምስት ዓመት በኋላ ያ 150,800 ብር የሚገዛው ዛሬ 75,000 ብር የሚገዛውን ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ገንዘቡ ሁሉ ዛሬ ስላልገባና በየወሩ ስለሚገባ፣ ያስቀመጥነውንም በዛሬ ዋጋ መለወጥ አለብን፤ እሱ ወደ 86,000 ብር ይመጣል። እንግዲህ 86 አስቀምጠን 75 እናወጣለን ማለት ነው። 15 በመቶ በዛ የሚል ሰው ቁጥሩን ይቀንስ፤ አነሰ የሚልም ይጨምር። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያውቃል።

"ታዲያ ለወለዱ ማን ብሎ፣ እኛ ለቤት ብድሩ ነው" አሉ ብዙዎቹ። ልክ ናቸው፤ ሰው የፈረመው ለዚያ ነው። እስቲ ብድሩን ደግሞ እንሥራው አልን። ሁለት ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ብንበደር የወሩ ክፍያ 30,900 ብር አካባቢ ነው። እሺ ይቅር፣ አንድ ሚሊዮን ብቻ ይሁን፤ 15,400 ብር። ክፍሉ ጸጥ አለ። እዚያ ከተቀመጥነው ውስጥ ደሞዙ ከ15,400 የሚበልጥ ሰው በጣት ይቆጠራል። ባንክ ደግሞ ብድር ሲሰጥ የወሩ ክፍያ ከደሞዝህ ምን ያህሉ እንደሆነ ያያል። "ለመጠየቅ ብቁ" መሆንና "ማግኘት" የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የተነገረን የመጀመሪያው ነው፣ የሰማነው ሁለተኛውን ነው። ለዚህ ልጁን አልወቅስም። ስላይዱን ያዘጋጀው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የወሩን ክፍያ የሚያሳይ ስላይድ አልሠሩለትም።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለቁጥሩ ብዬ አይደለም። አንዲት ታላቅ የሥራ ባልደረባችን አሉ፣ እትዬ ብለን ነው የምንጠራቸው። ደሞዛቸው 14,000 ነው። ከዚያ ላይ በየወሩ 2,000 ብር ለማኅበሩ ይቆረጥባቸዋል፤ ከ60,000 ብር በላይ አጠራቅመዋል። በማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ አባል የቁጠባውን ሦስት እጥፍ መበደር ይችላል። ልጃቸው ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ካልደረሰው ኮሌጅ ከፍለው ሊያስተምሩት ያንን ብድር እየጠበቁ ነበር። ሁለት ቦታ መቆረጥ አይችሉም። ስለዚህ በስልጠናው ማግስት ለማኅበሩ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፈው መጡ። "ባንኩ ለቤት ነው፤ ይሄኛው ለምን ይሆነኛል? ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያመጣው ነው፣ መጥፎ ነገር አያመጡብንም" አሉኝ።

እዚህች "ትምህርት ቤቱ ራሱ ያመጣው" የምትለዋ ላይ ቆም እንበል። ሰው ምክሩን የሚያምነው ከአሠሪው እጅ ስለመጣለት ነው። አሠሪህ እንደ ጥቅማ ጥቅም ሲሰጥህ አንድ ሰው አስቀድሞ መርምሮልሃል ብለህ ታስባለህ። ማን መረመረው? እኛ ጋ ማንም። ዳይሬክተራችንን ቢሮ ገብቼ በአክብሮት ጠየቅኳቸው፦ "ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ ከዚህ የሚያገኘው ነገር አለ?" አልተቆጡም። ባንኩ የአጥሩን ቀለም ችሏል፣ ለፈተና ማባዣ አንድ ማሽን ሰጥቷል፣ ትምህርት ቤቱም ለአዲሱ ሕንፃ ብድር ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው። በግልጽ ነው የነገሩኝ፤ ነውር ነገር አድርገው አልቆጠሩትም፣ እኔም ነውር አላልኩም። ማሽኑን እኔም ነኝ የምጠቀምበት። ነገር ግን እትዬ ይሄን ሳያውቁ "ትምህርት ቤቱ አያመጣብንም" ብለው አምስት ዓመት ሊፈርሙ ነበር። ቀለም፣ ማሽንና የሕንፃ ብድር የሚጠብቅ አሠሪ በዚህ ጉዳይ ላይ ዳኛ መሆን አይችልም።

ልጁንም በሩ ላይ ይዤው አወራን። "ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ቅርንጫፋችን በወር ይሄን ያህል አዲስ ሂሳብ፣ ይሄን ያህል ተቀማጭ የሚል ታርጌት አለው። እኔም የምገመገመው በሱ ነው። የሰጠሁት ምክር ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለካ የለም" አለኝ። ኮሚሽን አትበላም ወይ አልኩት። የለም አለ። ግን እድገትና ቦነስ በዚያው ታርጌት ነው የሚሄደው። አያችሁ፣ ብዙ ሰው "ኮሚሽን አለህ?" ብሎ ይጠይቅና "የለኝም" ሲባል እፎይ ይላል። ጥያቄው "በምን ትለካለህ?" መሆን አለበት። ደሞዝተኛ ነኝ የሚል ሰው ደሞዙ በሽያጭ ብዛት የሚያድግ ከሆነ ያው ሻጭ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ 403(ቢ) የሚባለውን ከደሞዝ የሚቆረጥ የጡረታ ቁጠባ ታውቁታላችሁ። የግል ኩባንያ ሠራተኛን የጡረታ ገንዘብ የሚጠብቅ ኤሪሳ የሚባል የ1974 ሕግ አላቸው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ከሱ ውጭ ናቸው። ስለዚህ መምህሩ ጋ የሚመጣው ሻጭ ብዙ ነው። በፈረንጅ ሐምሌ 2020 የአሜሪካ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን ቫሊክ ፋይናንሺያል አድቫይዘርስ በሚባል ኩባንያ ላይ ያወጣው ውሳኔ አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ የመምህራን ማኅበራት የራሳቸው የሆነ አንድ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው። የቫሊክ እናት ኩባንያ ለዚያ ድርጅት ገንዘብና ሌላ ጥቅም ይሰጣል፤ ድርጅቱ ደግሞ ለመምህራኑ ቫሊክን ተመራጭ የፋይናንስ አጋራችን ነው እያለ ያስተዋውቃል። ይባስ ብሎ "የአባላት ጥቅም አስተባባሪ" እየተባሉ በየስብሰባው የሚቀርቡ ሰዎች ነበሩ፤ ደሞዛቸውን የምትከፍለው ያችው እናት ኩባንያ ነበረች። መምህራኑ ይሄ አልተነገራቸውም። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም፣ በዚህና በሌላ ተያያዥ ጉዳይ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የፍሎሪዳ መምህራንንም የአማካሪነት ክፍያ ጣሪያ ሊያበጅለት ተስማማ።

ይሄን ሳነብ የደነቀኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም። መምህራኑን ያሳመናቸው የራሳቸው ማኅበር ነው። ከውጭ የመጣ ሻጭ ቢሆን ይጠራጠሩ ነበር። "የእኛ ሰው ነው" የሚለው ስሜት ነው የተሸጠው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ ዕድር፣ ሰንበት ማኅበር ሳይቀር አማካሪ ሲያመጣላችሁ "እናንተስ ምን ታገኛላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የእኛን የቁጠባ ማኅበር ጨምሮ! የማኅበራችን ጸሐፊ ባንኩን ሲያጥላላ አንድ ሳምንት ሙሉ ከርሟል። እሱም ቢሆን አባል በወጣ ቁጥር ለማበደር ያለው ገንዘብ ስለሚያንስበት ነው። ደግሞ እሱ ያልተናገረውን እኔ ልናገር፦ ባንክ ውስጥ ያለ ተቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ዋስትና አለው። የእኛ ማኅበር ውስጥ ያለው ገንዘብ ያ ዋስትና የለውም፤ የሚጠብቀው የእኛው ኦዲትና የእኛው ዐይን ነው። እትዬ ማመልከቻውን ይዘው ሲመጡ ይሄንንም ነግሬያቸዋለሁ። ማኅበሩን የሚጎዳ ቢሆንም ካልነገርኳቸው እኔም ያው የጎደለ ምክር ነው የሰጠኋቸው።

እንግሊዞች ለዚህ ችግር ሕግ አወጡ። ከፈረንጅ 2012 ማብቂያ ጀምሮ የግለሰብ ኢንቨስትመንት የሚያማክር ሰው ከሚሸጠው ድርጅት ኮሚሽን እንዳይቀበል ከለከሉ፤ የሚከፍለው ተመካሪው ነው። ሌላም ነገር አደረጉ፦ ገበያውን በሙሉ አይቶ የሚመክረውን "ገለልተኛ"፣ የተወሰነ ድርጅት ምርት ብቻ የሚመክረውን ደግሞ "ውሱን" ብሎ ራሱን እንዲጠራ አስገደዱ። እኔ የኋለኛው ይበልጥ ይመቸኛል። ሻጭ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ሻጭነቱን ግን ቀድሞ ይናገር። እኛ ጋ ደግሞ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ ወዲህ አክሲዮንና መሰል ነገር ላይ የኢንቨስትመንት አማካሪ ሆኖ ለመሥራት ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤታችሁ መጥቶ "ይሄን አክሲዮን ግዙ፣ ይሄ ያዋጣችኋል" የሚል ሰው ካለ "ፈቃድህን አሳየኝ" በሉት። የተራ ቁጠባ ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ አጥር የለውም፤ አጥሩ እናንተው ናችሁ።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ እንዳትሳሳቱ። ወገንተኛ ምክር ሁሉ ስህተት ምክር ነው ማለት አይደለም። የስፖርት መምህራችን ወጣት ነው፣ አላገባም፣ ከእናቱ ቤት ነው የሚኖረው። ደሞዙ በገባ በሳምንቱ ያልቃል፤ የት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም (እኛ እናውቃለን)። ለእሱ የተቆለፈ ቁጠባ ግሩም ነገር ነው። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ ቢያንስ እንኳ አሁን እጁ ላይ የሚቀረው ዜሮ ነው፤ ከዜሮ 75 ይሻላል። "ፈርም" ያልኩት እኔ ነኝ። ከመፈረሙ በፊት ግን ቁጥሩን አይቷል፣ በመሃል ቢያወጣ ወለዱ ወደ ተራው ቁጠባ እንደሚወርድም አንብቧል። ያ አንቀጽ ቅጹ ጀርባ ላይ በደቃቁ ነው የተጻፈው። እንደዚህ ያለ ቁጠባ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምታነቡት የመውጫውን አንቀጽ ይሁን። የሕይወት መድን ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካቋረጣችሁ የከፈላችሁት አብዛኛው ተመልሶ አይመጣም። የሻጩ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከነዚያው የመጀመሪያ ዓመታት ክፍያ ላይ ስለሚወጣ ነው።

"ታዲያ ማንን እንጠይቅ?" ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እኛ አገር ገንዘብ ተከፍሎት ለእናንተ ብቻ የሚያስብ አማካሪ ለመምህር ደሞዝ የሚደርስ አይደለም። ያለን የባንክ ሠራተኛ፣ የመድን ሻጭ፣ የዕቁብ ዳኛ፣ የሚስት ወንድም፣ አካውንታንት ጎረቤት ነው። ሁሉም የሆነ ወገን አለው። እኔ የማደርገው ወገናቸው የተለያየ ሁለት ሰዎችን ማናገር ነው። ለባንኩ ልጅ "ማኅበሩ ምን ይጎድለዋል?" እለዋለሁ፤ ለማኅበሩ ጸሐፊ "ባንኩ ምን ይጎድለዋል?" እለዋለሁ። አንዱ የሌላውን ጉድ በደንብ ያውቃል። ከዚያ ወረቀቱን ቤት እወስዳለሁ። ወረቀቱን ቤት ውሰድ የማይል፣ "ዛሬ ካልሆነ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በእኔ በኩል ጨዋታው እዚያው አልቋል።

ሕጉንም እወቁ፤ የግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ለሆናችሁ ማለቴ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ካልታዘዘ በቀር አሠሪ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደሞዝ መቁረጥ አይችልም፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምርም ከወር ደሞዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የመገኘት ፊርማ ብላችሁ የምትፈርሙት ወረቀት ከኋላው ምን እንደተያያዘ ገልብጣችሁ እዩ። እኛ ጋ ሁለት ሰዎች ያለ ሐሳባቸው ፈርመው ነበር፤ በማግስቱ በደብዳቤ አስሰርዘውታል፣ ማንም አልከለከላቸውም።

እትዬ ጋ ልመለስ። ቁጥሮቹን አብረን ሠራን። የአንድ ሚሊዮኑን የወር ክፍያ ሲያዩ ሳቁ፤ "እኔን ሽጠውኝም አይከፍሉት" አሉ። ከዚያ ልጁን ራሱ ስልክ ደወሉለት፣ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። "ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ የእኔ ደሞዝ 14,000 ነው፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ነው፣ ይሄ ነገር ለእኔ ነው ወይስ ለሌላ ሰው ነው?" አሉት። ትንሽ ዝም አለ። "እትዬ፣ ለእርስዎ አይደለም" አላቸው። እንዲህ አድርጎ ስለጠየቀው ሰው ስለሌለ እንጂ መልሱን ያውቀዋል። አርባ ሰው ፊት የማይናገረውን ለአንድ ሰው ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ለልጁ ያለኝ ግምት ከፍ ብሏል። "ይሄ ነገር ለማን አይሆንም?" የምትለዋን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ሰው እመክራለሁ፤ ቅን ሰው መልስ አለው፤ ሻጭ ብቻ የሆነው "ለሁሉም ይሆናል" ይላል።

እትዬ ማመልከቻቸውን ቀደው ማኅበሩ ውስጥ ቀሩ። ትክክል ወሰኑ አልወሰኑ ወደፊት ይታያል፤ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከደረሰው ብድሩንም አይፈልጉት ይሆናል፣ ማኅበራችንም የራሱ ጣጣ አለበት። ቢያንስ የወሰኑት ማን ምን እንደሚያገኝ አውቀው ነው።

ዳይሬክተራችን በሰጠሁት ሐሳብ ተስማምተው ከአሁን በኋላ እንዲህ ያለ ምክር ሲመጣ ማስታወቂያው ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመር ፈቅደዋል፦ አማካሪው የማን ተቀጣሪ እንደሆነና ትምህርት ቤቱ ከድርጅቱ ምን እንዳገኘ። መፈረሚያ ቅጽም በዕለቱ እንዳይዞር። በሚቀጥለው ወር የመድን ድርጅት ይመጣል ተብሏል። ማስታወቂያው ገና አልተለጠፈም፤ ሁለቱ መስመሮች ይኖሩ እንደሆነ ሲለጠፍ እናያለን።